የጆርናላችሁ ፎልደር የት ነው ያለው?

[ስክሪን፦ የጎግል ፍለጋ ገጽ]

የአንድ ዩኒቨርሲቲ ጆርናል ስም ጎግል ላይ ጻፋችሁ እንበል። ከጥናቶቹ መሃል የቁማር ማስታወቂያ ብቅ ይላል። ሊንኩ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው የራሱ ነው። ማን አስገባው? በየት በኩል?

አንዱን መንገድ ላሳያችሁ። ኦፕን ጆርናል ሲስተምስ፣ ባጭሩ ኦጄኤስ፣ የሚባል ሶፍትዌር አለ። የሠራው ካናዳ የሚገኘው ፐብሊክ ኖሌጅ ፕሮጀክት ነው። ነጻ ስለሆነ በሺዎች የሚቆጠሩ ጆርናሎች ይጠቀሙበታል፤ የእኛ ዩኒቨርሲቲዎችም ጭምር።

ጆርናል ደጁ ክፍት ነው። ማንም አካውንት ከፍቶ ጽሑፉን ይልካል፤ መላክ መቻልም አለበት። ጣጣው የተላከው ነገር ጽሑፍ ሳይሆን ሲቀር ነው።

[ስክሪን፦ ሁለት የፋይል ስሞች ጎን ለጎን]

ፒዲኤፍ ሲከፈት ይነበባል። የፒኤችፒ ፋይል ግን ለሰርቨሩ፣ ማለትም ድረ ገጹን ለያዘው ኮምፒውተር፣ ትእዛዝ ነው፤ ያለውን ይፈጽማል። ቁጥር 2 ኦጄኤስ፣ ማለትም የሶፍትዌሩ ሁለተኛ ቨርዥን፣ ለዚህ ማጣሪያ ነበረው። በፋይሉ ስም መጨረሻ፣ ከነጥቧ በኋላ፣ «ፒኤችፒ» የሚሉ ፊደላት ካየ ፋይሉን ተራ ጽሑፍ ያደርገዋል። በ«ፒኤችቲኤምኤል» የሚጨርስ ፋይል ሲመጣስ? ፊደላቱ ስለማይገጥሙለት ያሳልፈዋል። ብዙ ሰርቨሮች ግን ሁለቱን አይለዩም፤ እኩል ያስኬዷቸዋል። ከዚህ በኋላ ላኪው የራሱን ፋይል በብራውዘር መክፈት ብቻ ነው የሚቀረው።

እሱም የሚሆንለት የተላኩት ፋይሎች የሚቀመጡበት ፎልደር ድረ ገጹ ውስጥ ከሆነ ነው። የኦጄኤስ ኮንፊግ ፋይል፣ ማለትም ማስተካከያዎቹ የሚጻፉበት ፋይል፣ ራሱ ፎልደሩ ከድር በቀጥታ እንዳይደረስበት ያሳስባል። በጥድፊያ ሲጫን ግን ያቺ መስመር ትታለፋለች።

ቁጥር 3 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ለቁጥር 2 የሚደረገው ድጋፍ ቆሟል፤ ነገ አዲስ ቀዳዳ ቢገኝ የሚደፍን የለም። እኔን የሚያሳዝኑኝ አዘጋጆቹ ናቸው። ቀን ሲያስተምሩ፣ ፈተና ሲያርሙ ውለው ማታ የሰው ጥናት ያነባሉ። ሶፍትዌሩን የጫነላቸው ልጅ ሥራ ከለቀቀ ቆይቷል። ጥፋቱን እነሱ ላይ መጫን አይገባም።

[ስክሪን፦ ፎልደሩ ከድረ ገጹ ሲወጣ]

መጀመሪያ ፎልደሩን ከድረ ገጹ አውጡና አዲሱን ቦታ ኮንፊጉ ላይ ጻፉ። ይህ በሩን ይዘጋል፤ ቀድሞ የገባውን ግን አያስወጣም። የገባው ሰው ሌላ ቦታም ፋይል ትቶ ሊሆን ስለሚችል ሰርቨሩን በሙሉ ፈትሹ፣ የይለፍ ቃሎቹንም ቀይሩ። ከዚያ ባክአፕ ይዛችሁ ወደ ቁጥር 3 ተሻገሩ። ሰርቨሩ በማን እጅ እንዳለ የማታውቁ ከሆነ ግን ነገ ጠዋት እሱን ሰው ከማፈላለግ ጀምሩ።