ኮምፖት፣ የአባዬ ስታላቮያ እና የማርያም ዘቢብ

ቢንያም፦ ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ርዕሳችን ምግብ ነው። መጠጥም ነው። እኔ ስሙን ስጠራው ስለምትስቅብኝ ሳባ ትንገራችሁ።

ሳባ፦ ኮምፖት። ኮም-ፖት። ባለፈው ሳምንት ይሄ ሰውዬ ማስታወሻችን ላይ ኮምፖስት ብሎ ነው የጻፈው። ኮምፖስት እኮ ማዳበሪያ ነው!

ቢንያም፦ ድስቱን ከፍቼ ሳየው ብዙም አልተለየብኝም።

ሳባ፦ [ሳቅ] ተወኝ እስቲ። ኮምፖት ማለት የደረቀ ፍራፍሬ፣ አፕል በለው፣ ፒር፣ ፕሪም፣ አፕሪኮት፣ ዘቢብ፣ በብዙ ውሃ ለትንሽ ጊዜ አፍልተህ፣ ከድነህ አሳድረህ፣ በነጋታው ቀዝቀዝ ሲል የምትጠጣው ነው። ከአዲስ ፍራፍሬም ይሠራል፤ የዛሬው ግን የደረቀው ነው። አሠራሩን ከሀ እስከ ፐ እነግራችኋለሁ፣ ብዕርና ወረቀት ያዙ።

ቢንያም፦ ብዕሩን ቶሎ አታውጡት። እኔ አውቃታለሁ።

ሳባ፦ መጀመሪያ ግን ነገሩ ከየት እንደመጣብኝ ልንገራችሁ።

ቢንያም፦ አላልኳችሁም?

ሳባ፦ አጭር ነው! አባዬ በ1974 ነው ካርኮቭ የሄደው፣ በእኛ አቆጣጠር። ያኔ ሶቪየት ኅብረት ነው፣ ዛሬ ዩክሬን። ኢንጂነሪንግ ሊማር ነው፤ ግን የመጀመሪያው ዓመት ፖድፋክ ይባላል፣ ቋንቋ ብቻ ነው የሚማሩት። እና ገና በገባ በሁለተኛው ቀን ስታላቮያ ይሄዳል። ስታላቮያ ካፌቴሪያ በለው። ትሪውን ይዞ ተሰልፎ ሾርባውን ተቀበለ፣ ዳቦውን ተቀበለ፣ መጨረሻ ላይ ባለ ጠርዝ ብርጭቆ ሙሉ ቡናማ ነገር ይሰጡታል። ሻይ ነው ብሎ ተቀመጠ። ሲያየው ከስሩ የሆነ ጥቁር ነገር ተኝቷል።

ቢንያም፦ በረሮ!

ሳባ፦ በረሮ ነው ያለው እሱም! ያበጠ ፕሪም ነው፤ የደረቀ ፕሪም ውሃ ሲጠጣ እንዴት እንደሚያብጥ ታውቃለህ። ይዞት ወደ ሴትዮዋ ተመለሰ። ነጭ ሻሽ ያሰረች፣ ክንዷ የእኔን ወገብ የሚያህል ሴትዮ ናት። በጣቱ አሳያት። እሷ ምን ትለዋለች? «ዬሽ፣ ዬሽ!» በሩሲያኛ «ብላው» ማለት ነው። እሱ የሰማው ግን «እሺ፣ እሺ» ነው።

ቢንያም፦ አይ አምላኬ።

ሳባ፦ በቃ አማርኛ የምታውቅ ሰው አገኘሁ ብሎ ደስ አለው! «እሺ» አላት። እሷ «ዬሽ!» እሱ «እሺ!» እሷ ብርጭቆውን ተቀብላ በጭልፋ ሌላ ፕሪም ጨመረችለት። «ዬሽ!» «እሺ!» አሁንም ጨመረች። ብርጭቆው ፍራፍሬ ብቻ ሆነ። ከኋላው የተሰለፈው ሁሉ እየጮኸ ነው።

ቢንያም፦ እና አባትሽ በሉት?

ሳባ፦ በላው፣ ምን ያድርግ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪመረቅ ድረስ ሴትዮዋ እሱን ስታይ ሁልጊዜ ከድስቱ ስር ነው የምትቀዳለት። ጓደኞቹ ውሃውን ይጠጣሉ፣ እሱ ፍሬውን ይበላል። እስከ ዛሬ እኛ ቤት ምግብ ሲቀርብ አባዬ «ዬሽ» ይላል፣ እኛ «እሺ» እንላለን።

ቢንያም፦ ይሄ እኮ በጣም... ቆይ፣ ግን ፍሬው ይበላል ወይስ አይበላም? እኔ እዚህ ጋ ጥያቄ አለኝ። የተቀቀለ፣ ጣዕሙ ወደ ውሃው የወጣ ነገር ምኑ ይበላል? ሻይ ከጠጣሽ በኋላ ቅጠሉን ትበያለሽ?

ሳባ፦ ሻይ አይደለም አልኩህ! ፍሬውማ ይበላል። በማንኪያ። ዋናው እሱ ነው።

ቢንያም፦ ዋናው ውሃው ነው።

ሳባ፦ እሺ ውሃውም ዋና ነው። ግን ፍሬውን የማይበላ ሰው ኮምፖት ጠጣሁ ማለት አይችልም።

ቢንያም፦ በዚህ አልስማማም፣ ግን ቀጥዪ።

ሳባ፦ ወደ አሠራሩ ልሂድ ነበር። ግን ገናን ሳልነግራችሁ አላልፍም።

ቢንያም፦ ብዕሩን መልሱት ወገን።

ሳባ፦ ስማኝ፣ ይሄኛው ይጠቅማል። የክፍል ጓደኛው አያታቸው ጋ ይዞት ሄደ፣ ፖልታቫ አካባቢ ገጠር። ዋዜማው ነው። ያኔ የዩክሬን ገናም ታኅሣሥ 29 ነበር፣ ከእኛ ጋር አንድ ቀን። በ2023 በፈረንጆቹ በሕግ ወደ ዲሴምበር 25 አዛወሩት፤ አባዬ ዜናውን ሲሰማ የግል ጉዳይ አድርጎ ነው የወሰደው። እና ዋዜማው ላይ ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ ጾም ነው፤ አሥራ ሁለት ዓይነት ምግብ ይቀርባል፣ የመጀመሪያዋ ኮከብ እስክትታይ ማንም አይነካም። መጀመሪያ ምን መጣ? የተቀቀለ ስንዴ።

ቢንያም፦ ንፍሮ?

ሳባ፦ ንፍሮ! ኩትያ ይሉታል። ማርና የፖፒ ፍሬ ይገባበታል እንጂ ያው ንፍሮ ነው። አባዬ ደንግጦ ጓደኛውን ጠጋ ብሎ «ማን ሞተ?» አለው።

ቢንያም፦ [ረጅም ሳቅ] ልክ ናቸው እኮ! ለቅሶ ቤት የገቡ ነው የመሰላቸው።

ሳባ፦ የሚገርመው ደግሞ እነሱም ኩትያን ለሙታን መታሰቢያ ያቀርቡታል። ስለዚህ ጥያቄው ያን ያህል የሞኝ አልነበረም። ከኩትያው ጋር የቀረበው መጠጥ ኡዝቫር ይባላል፤ የደረቀ ፍራፍሬ ኮምፖት ነው፣ ግን ስታላቮያ የለመደውን አይመስልም። ጭስ ጭስ ይላል። ለምን መሰለህ? ፒሩንና ፕሪሙን የሚያደርቁት በእንጨት ምድጃ ነው፣ ጭሱ ፍሬው ውስጥ ይገባል። አባዬ አንድ ጊዜ ፉት እንዳለ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ምን ትዝ ይለዋል? የእናቱ ጠላ።

ቢንያም፦ ኧረ?

ሳባ፦ ጋኑ በወይራ ታጥኖ የሚጠመቀው ጠላ። ያ ሽታ።

ቢንያም፦ ስለዚህ ኡዝቫር ማለት ያልፈላ ጠላ ነው።

ሳባ፦ አይደለም! ጌሾ የለው፣ ብቅል የለው፣ የት አገናኘኸው?

ቢንያም፦ አንቺ ነሽ ያገናኘሽው።

ሳባ፦ ጭሱን ነው ያገናኘሁት። እሺ፣ አንድ ነገር ልናዘዝ። ሞክሬዋለሁ። የገዛሁትን ደረቅ አፕልና ፕሪም ወንፊት ላይ አድርጌ፣ ከሰል ላይ ወይራ ጣል አድርጌ፣ ጭሱን አሥር ደቂቃ አሳለፍኩበት። ከዚያ እንደ ወትሮው ሠራሁት። ቢኒ፣ አባዬ ቀምሶ ምንም አላለም። ባለ ጠርዙን ብርጭቆ ይዞ በረንዳ ወጣ። በቃ።

ቢንያም፦ እሺ ይሄ ነካኝ። ይሄን አልቀልድበትም።

ሳባ፦ ትንሽ ጭስ ነው ግን። አንድ ጊዜ አብዝቼው የታጠነ ጫማ የመጠጣት ያህል ነበር።

ቢንያም፦ የዘቢቡን ጉዳይ ንገሪያቸው። እሱን ሳትነግሪ አሠራሩ ውስጥ እንዳትገቢ።

ሳባ፦ አየህ አሁን ማን ነው ከርዕስ የሚወጣው? እሺ። እማዬ ሁልጊዜ ለ21 ለማርያም ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ ትገዛለች። ዘቢቡ ለቅዳሴ ነው፤ በውሃ ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆ ለቁርባን የሚሆነው። ቁም ሣጥኑ ላይ በነጭ ፌስታል አስቀምጣዋለች። እኔ ማታ ኮምፖት ልጥድ ስል ዘቢብ የለም። ሱቅ ተዘግቷል። አባዬ «እዚያ ላይ አለ» አለኝ። አባዬ ነው ያለኝ፣ ይመዝገብልኝ!

ቢንያም፦ ተመዝግቧል።

ሳባ፦ ጠዋት እማዬ ተነሳች። ፌስታሉ ባዶ። ድስቱ ሙሉ። «የማርያምን ዘቢብ!» አለች። እኔ ዝም። አባዬ ነገሩን ሊያበርድ ብሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ምን ችግር አለው፣ እዚያም ቢሄድ በውሃ ነው የሚዘፈዘፈው።»

ቢንያም፦ ወይኔ አባትሽ።

ሳባ፦ ሁለት ቀን አላናገረችውም። ዘቢቡን እጥፍ አድርጌ ገዝቼ፣ ራሴ ተሸክሜ ደብሩ ወስጄ ነው የታረቅነው። እማዬ ግን ኮምፖቱን ከለከለች? አልከለከለችም። ጾም ስለሆነ ሁለት ብርጭቆ ጠጣች። ያኮረፈች መስላ እየጠጣች።

ቢንያም፦ እሺ። አሁን አሠራሩ። ሰዓቱ ሄዷል።

ሳባ፦ በጣም ቀላል ነው፣ ለዚህ ነው ያልቸኮልኩት። ሁለት ሊትር ተኩል ውሃ፣ ሦስት መቶ ግራም ያህል ፍራፍሬ። መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃ ሁለት ጊዜ እጠበው፤ አሸዋ አለው፣ እንጨት አለው፣ ሁሉም ነገር አለው። ከዚያ አሥራ አምስት ደቂቃ ዘፍዝፈህ ውሃውን ድፋው። ሁሉንም አንድ ላይ አትክተት! ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አፕልና ፒር ጠንካራ ናቸው፤ ውሃው ሲፈላ እነሱ ቀድመው ይገባሉ፣ በትንሽ እሳት አሥራ አምስት ደቂቃ። ከዚያ ፕሪምና አፕሪኮት፣ አሥር ደቂቃ። ዘቢብ መጨረሻ፣ አምስት ደቂቃ። አጥፋው። ክደነው። ሂድ ተኛ።

ቢንያም፦ ለምን አርባ ደቂቃ አላፈላውም? ጣዕሙ እንዲወጣ።

ሳባ፦ ይበታተንብሃል። ውሃው ይደፈርሳል፣ ገንፎ ነው የሚሆነው። ጣዕሙ የሚወጣው ሲፈላ አይደለም፣ ሲያድር ነው። ማታ ብትቀምሰው የፍራፍሬ እጣቢ ነው የሚመስለው፤ ጠዋት ሌላ ነገር ነው። ቢያንስ ስድስት ሰዓት። ስኳር ደግሞ አታድርግ።

ቢንያም፦ ኧረ ሳባ! ያለ ስኳር?

ሳባ፦ ዘቢቡ ስኳር ነው፣ ፕሪሙ ስኳር ነው።

ቢንያም፦ ሁለት ማንኪያ።

ሳባ፦ ካልቻልክ ማር፣ ለብ ሲል። አንድ ማንኪያ። ጣፋጭነቱ ከበዛ ሎሚ ጠብ አድርግበት።

ቢንያም፦ ሁለት ማንኪያ ማር ብለን እንስማማ። ቀረፋና ቅርንፉድስ?

ሳባ፦ ቅመም ሻይ ልታደርገው ነው? አንድ ስንጥር ቀረፋ ግን አልጣላህም።

ቢንያም፦ ቴምርስ? አክስቴ ካይሮ ኖራለች፣ በረመዳን ኹሻፍ የሚሉትን እዚያ ነው የለመደችው። ቴምር አለ፣ አፕሪኮት አለ፣ ዘቢብ አለ፣ ጭራሽ አይፈላም፣ እንዲሁ ተዘፍዝፎ ያድራል፤ ማፍጠሪያ ላይ ይበሉታል። እና ከአንቺ ድስት በምን ያንሳል?

ሳባ፦ አያንስም። ግን ያ ወፍራም ነው፣ በማንኪያ የሚበላ ነው፣ ይሄ መጠጥ ነው።

ቢንያም፦ አሁን ፍሬው ነው ዋናው አላልሽም?

ሳባ፦ ... ሁለት ቴምር አድርግ። ሁለት።

ቢንያም፦ ሦስት።

ሳባ፦ ስለ አፕሪኮት ልናገር፣ ረስቼው ነበር። ያ ብርቱካናማ ሆኖ የሚያበራው ቀለሙን እንዲይዝ በሰልፈር ዳይኦክሳይድ የታጠነ ነው። ቡናማው፣ አስቀያሚው፣ ያልታጠነው ነው። ለኮምፖት አስቀያሚውን ግዙ፤ በተለይ አስም ያለበት ሰው ቤት ካለ። አፕሉን ደግሞ ራሳችሁ ማድረቅ ትችላላችሁ። የጨንቻ አፕል ገበያ ላይ ሲገኝ፣ ትንሿን፣ ጎምዛዛዋን፣ በስሱ ክተፉና ወንፊት ላይ ዘርግታችሁ፣ በሻሽ ሸፍናችሁ ፀሐይ ላይ። እንደ ቆዳ ሲተጣጠፍ ደርቋል። ፒር ካጣችሁ ይቅር። ፕሪም ግን አይቅር።

ቢንያም፦ ስለ ፕሪም አስጠንቅቂያቸው።

ሳባ፦ አንተ ንገራቸው። ልምዱ ያለህ አንተ ነህ።

ቢንያም፦ እሺ። ባለፈው ሳምንት ክፍላችን ለምን እንደዘገየ ለጠየቃችሁን፣ መብራት ጠፍቶ አይደለም። አራት ብርጭቆ ጠጥቼ፣ ፍሬውንም በልቼ ነው።

ሳባ፦ [ሳቅ] ፍሬው አይበላም ያለው ሰውዬ!

ቢንያም፦ ከዚያ በኋላ ነው አይበላም ያልኩት! ቤቴን ሳልለቅ ነው የዋልኩት፣ ሌላውን ገምቱት።

ሳባ፦ ሶርቢቶል የሚባል ነገር አለው ፕሪም፣ እሱ ነው የሚያላላው። ሦስት አራት ፍሬ ለአንድ ሰው ይበቃል። ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ይቆያል፤ ከዚያ መፍላት ይጀምራል፣ ያኔ ነው ጠላ የሚሆነው።

ቢንያም፦ አመነች! ተመዝግቧል!

ሳባ፦ በል ቅመስ፣ የዛሬውን ይዤልህ መጥቻለሁ። በወይራ የታጠነው ነው።

ቢንያም፦ [ይጠጣል] ... ኧረ። ኧረ ይሄ ሌላ ነው። ጭሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ቆይ፣ ዘቢቡ በጣም ነው የሚጣፍጠው፣ ከየት ገዛሽው?

ሳባ፦ ...

ቢንያም፦ ሳባ። ዘቢቡ ከየት ነው?

ሳባ፦ ዬሽ።

ቢንያም፦ እሺ።