ስሙ ማን ነበር?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ይህን የምቀዳው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ቀን ቀን እዚህ ቱሉ ዲምቱ ድምፅ መቅዳት አይሆንም። ከታች ብሎኬት ይመረታል፣ ከላይ አዲስ የገባ ጎረቤት ግድግዳ ያስፈርሳል። አሁን ሁሉም ተኝቷል። ድምፄ እንዳያስተጋባ በሩ ላይ ጋቢ ሰቅያለሁ። ከሩቅ የሚሰማችሁ ጅብ ነው። የሚያጓራው ደግሞ ወደ አዳማው የፍጥነት መንገድ የሚገባ ከባድ መኪና ነው።

ዛሬ ስለ አንድ ቃል ነው የማወራችሁ። ከሞተ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል። «ሲግልዋራ» ይባላል። ከሺህ ዓመት በፊት በሚነገረው በጥንታዊው እንግሊዝኛ ትርጉሙ «ኢትዮጵያውያን» ነው። እኛ ማለት ነው።

ቃሉን ያገኘሁት ጄ. አር. አር. ቶልኪን በጻፈው ጥናት ውስጥ ነው። አዎ፣ የቀለበቱን ታሪክ የጻፈው ሰው። ብዙዎቻችሁ በፊልሞቹ ታውቁታላችሁ። ሥራው ግን ድርሰት አልነበረም። ከ1925 ጀምሮ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጥንታዊ እንግሊዝኛ ፕሮፌሰር ነበር። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፣ ያዙልኝ። እንጀራው የቃላትን ዘር መቁጠር ነበር። ይህ ቃል ከየት መጣ? አባቱ ማነው? ከየትኛው ቋንቋ ጋር ይዛመዳል? ይህን ሲጠይቅ ነው የኖረው።

አያቴ ቅኔ ቤት ያደጉ ሰው ነበሩ። ማዕድ ቀርቦ፣ ሰው እየተጫወተ፣ አንድ ቃል ጆሯቸው ውስጥ ከገባ ጨዋታው ይቆማል። «ቆይ፣ ይህቺ ከምን ግስ ወጣች?» ይላሉ። ወጡ ይቀዘቅዛል። እሳቸው ግን ቃሉን ፈትተው፣ ዘር አውጥተው፣ መልሰው እስኪገጥሙት ድረስ እጃቸውን ወደ መሶቡ አይሰዱም። ቶልኪንን ሳነብ ፊቴ የሚመጡት እሳቸው ናቸው።

የቶልኪን ዓለም የተወለደውም ከቃል ነው። ራሱ ደጋግሞ ተናግሮታል። ቋንቋዎቹ ቀደሙ፣ ታሪኩ የመጣው ቋንቋዎቹ የሚኖሩበት አገር እንዲያገኙ ነው ይላል። 1914 ላይ፣ ገና የ22 ዓመት ወጣት ሳለ፣ በአንድ ጥንታዊ መንፈሳዊ ግጥም ውስጥ «ኤአረንዴል» የሚል ስም አየ። ግጥሙ «ከመላእክት ሁሉ የምታበራ» ብሎ ያወድሰዋል። ኤአረንዴል ማነው? ታሪኩ ጠፍቷል። ስሙ ብቻ ቀርቷል። ቶልኪን ለዚያ ስም ግጥም ጻፈለት። በኋላ ኤአረንዴል በሰማይ የሚቀዝፍ መርከበኛ ሆነ። ግንባሩ ላይ ሲልማሪል የሚባል የብርሃን ዕንቁ አለ። እኛ ከምድር ስናየው ኮከብ ነው። ወላጅ አልባ የሆነ አንድ ስም ነበር፣ እሱ ወላጅ ፈለገለት። ራሱም በ12 ዓመቱ እናትም አባትም አልነበረውም። ይህን ሁለት ነገር አጠጋግቼ ማየቴን መተው አልችልም።

ወደ ሲግልዋራ ልመለስ።

እስራኤላውያን ከግብፅ ስለ መውጣታቸው የሚተርክ ጥንታዊ የእንግሊዝኛ ግጥም አለ። ሕዝቡ እየተጓዘ ነው። በስተደቡባቸው የሲግልዋራ ምድር እንዳለ ያውቃሉ። ምድሩ የተቃጠለ ነው፣ ሰዎቹም ከሰማይ በሚወርደው ፍም የጠየሙ ናቸው ይላል። ቶልኪን በ1932 እና በ1934 በሁለት ክፍል ባወጣው ጥናት የጠየቀው ቀላል ጥያቄ ነው። እነዚህ ሰሜን ዳር የሚኖሩ ሰዎች ኢትዮጵያዊ አይተው አያውቁም። ታዲያ ከላቲን ያልተዋሱት፣ የራሳቸው የሆነ ቃል ከየት አመጡ?

ቃሉን ለሁለት ሰነጠቀው። «ሲግል» ፀሐይ ነው። ዕንቁ የሚል ትርጉምም አለው፣ ሁለቱ ተቀላቅለዋል። ሁለተኛው ክፍል አስቸጋሪ ነው። ምናልባት ከከሰልና ከጥላሸት ጋር ይዛመዳል አለ። ከዚያም ግምቱን ሰነዘረ። ቃሉ ስለ ኢትዮጵያ ከመስማታቸው በፊት የነበረ መሆን አለበት። የሰሜን ሰዎች በጥንቱ እምነታቸው ሙስፔል የሚሉት የእሳት ምድር ነበራቸው። ሲግልዋራ የዚያ ምድር ፍጥረቶች ስም ሳይሆን አይቀርም። ዓይናቸው እንደ ጋለ ብረት የቀላና ብልጭታ የሚረጭ፣ ፊታቸው እንደ ጥላሸት የጠቆረ። በኋላ ክርስትና ሲመጣና ተርጓሚዎቹ በላቲን መጻሕፍት ውስጥ «ኢትዮጵያውያን» የሚል ሲያገኙ፣ እጃቸውን ወደዚያ አሮጌ ቃል ሰደዱ። የአጋንንት ስም አንስተው ለእኛ ሰጡን።

ይህን ያነበብኩት ከቃሊቲ ወደ ቤት በሚመጣ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ነው። ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከፋኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው ሰው ነው። መጽሐፉን ያነበብኩት በሻማ ነው። እሱ ግን የእኔን ሕዝብ ስም ሲሰነጥቅ ከውስጡ ያገኘው ጋኔን ነው።

ሁለት ቀን ቆይቼ ተመለስኩበት። ስመለስ የገባኝ ነገር አለ። ጥናቱ ስለ እኛ አይደለም። ስለ እነሱ ነው። ሳያዩ ስም ስለሰጡ ሰዎች ነው። ደግሞ እንግሊዞቹ የመጀመሪያዎቹ አይደሉም። «ኢትዮጵያ» የሚለውን የግሪክ ቃል ሊቃውንቱ «ፊቱ የተቃጠለ» ብለው ይፈቱታል። በእኛ ትውፊት ደግሞ ኢትዮጲስ የሚባል ንጉሥ አለ፣ አገሪቱ በስሙ ተጠራች ይባላል። አያቴ ይህን ነበር የሚያስተምሩት። ከቋንቋ ሊቃውንቱ ጋር ሙግት አልገጥምም። ግን በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኢዛና ጽሑፍ በግዕዝ «ሐበሻት» ያለውን በግሪክ «ኢትዮጵያውያን» ብሎ አስቀርጾታል። ሌላው ያወጣውን ስም ንጉሡ በገዛ ድንጋዩ ላይ ጻፈው። በራስ እጅ ሲጻፍ ስሙ ሌላ ነገር ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ልብ ወለዱ። ቶም ሺፒ የሚባል ምሁር አለ። የቶልኪንን ቃላት እሱን ያህል የፈተሸ የለም ብል ማጋነን አይሆንም። የሲግልዋራ ምርምር ሁለት ነገሮችን ረድቷል ይላል። አንዱ ባልሮግ ነው፣ ያ በእሳትና በጥላ የተሠራው ጋኔን። ሁለተኛው ሲልማሪል ነው፣ ፀሐይም ዕንቁም የሆነው ነገር። ሐሳቡ ያማረ ነው። ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባልሮጎቹም ሲልማሪሎቹም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በጻፋቸው ረቂቆች ውስጥ አሉ። ከጥናቱ 15 ዓመት ያህል ይቀድማሉ። ስለዚህ ቃሉ ወለዳቸው አልልም። እኔ የምለው፣ ቶልኪን ቀድሞ በልቡ ያለውን ነገር ቃሉ ውስጥ አገኘው። እሳቱንም ዕንቁውንም ለብቻው ያለማቸው መስሎት ነበር። የጥንት ሰዎች በአንድ ስም አስረው አስቀምጠውለት አገኘ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የምወደው አንድ ገጽ አለ።

1954 በወጣው የቀለበቱ ታሪክ ሁለተኛ ቅጽ ውስጥ ነው። በቶልኪን ካርታ ላይ ደቡቡ ሃራድ ይባላል። የሃራድ ሰዎች ለጠላት ሊዋጉ ይዘምታሉ። አድፍጠው የጠበቋቸው ወታደሮች ጥቃት ይከፍቱባቸዋል። ሳም የሚባለው ትንሹ ሆቢት፣ ሆቢት ማለት በቶልኪን ዓለም ቁመታቸው አጭር የሆነ ሕዝብ ነው፣ ሙያው አትክልተኛ የሆነው፣ ተደብቆ ያያል። ሰው ሰውን ሲገድል ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ከሃራድ ሰዎች አንዱ ከላይ ተወርውሮ አጠገቡ ይወድቃል። በግንባሩ ተደፍቷል። አንገቱ ላይ ቀስት ተሰክቷል። ጥቁር ሹሩባው ከወርቅ ጋር ተጎንጉኗል፣ ደም ነክሮታል። ጠይም እጁ የተሰበረ ሰይፍ እንደጨበጠ ነው።

ሹሩባ። በወርቅ የተጎነጎነ። እዚህ አገር ያደገ ሰው ይህን ሲያነብ ግድግዳ ላይ ካየው ስንት የአርበኛና የንጉሥ ሥዕል ጋር እንደሚገናኝበት አስቡት።

ሳም የሟቹን ፊት ባለማየቱ ደስ ይለዋል። ከዚያ ያስባል። ስሙ ማን ይሆን? ከየት መጣ? በእውነት ልቡ ክፉ ነበር? ወይስ በምን ውሸት፣ በምን ማስፈራሪያ ነው ከቤቱ ይህን ያህል መንገድ የመጣው? ቤቱ ቢቀር አይሻለውም ነበር?

እዚህ ጋ አውቶቡሱ ውስጥ የዘጋሁትን ስልክ መልሼ ከፈትኩት ማለት እችላለሁ። «ኢትዮጵያ» የሚለው የግሪክ ቃል ስለ ፊት ነው። ሲግልዋራ የሚለውም በቶልኪን ፍቺ ስለ ፊት ነው። ልብ ወለዱ ውስጥ ግን የደቡቡ ሰው ፊት አይታይም። የሚታየው እጁ ነው፣ ጠጉሩ ነው። የሚጠየቀው ስሙ ነው። ጥናቱን የጻፈው ሰው ከ20 ዓመት በኋላ ይህን ገጽ አሳተመ። ሆነ ብሎ ያደረገው ነው ብዬ አልምልም። 1916 ላይ ሶም በሚባለው የፈረንሳይ ጦር ሜዳ ነበር። በግንባሩ የተደፋ ሰው አይቷል። ከልብ ጓደኞቹ ሁለቱ በዚያው ዓመት ሞተዋል። የሳም ጥያቄ ከቤተ መጻሕፍት የወጣ አይመስለኝም።

እውነቱን ሁሉ ልንገራችሁ። በቀጣዩ ዓመት በወጣው ሦስተኛው ቅጽ፣ ትልቁ ጦርነት ላይ፣ ከሩቅ ሃራድ የመጡ ጥቁር ሰዎች አሉ። ትሮል ከሚባለው ግዙፍ ጭራቅ ግማሹን ይመስላሉ፣ ዓይናቸው ነጭ፣ ምላሳቸው ቀይ ነው ይላል። እዚያ ስም የሚጠይቅ የለም። ያ መስመር ያመኛል። የሳም ጥያቄ አይሰርዘውም፣ እሱም የሳምን ጥያቄ አይሰርዘውም። ደራሲው የራሱን ምርጥ ጥያቄ ረሳው ብዬ ነው የማነበው። መጽሐፉን ለልጆቼ ስሰጥ ሁለቱንም ገጽ አሳያቸዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ትሪቢርድ የሚባል የዛፎች እረኛ አለ፣ ዕድሜው ከዛፎቹ የማይተናነስ። እሱ ስሙን በችኮላ አይናገርም። ስሜ ያድጋል፣ ብዙ ዘመን ስለኖርኩ ስሜ እንደ ታሪክ ረዝሟል ይላል። የቆሙበትን ቦታ ሆቢቶቹ «ኮረብታ» ሲሉት ቅር ይለዋል። ይህ የምድር ክፍል ከተሠራ ጀምሮ እዚህ ለቆመ ነገር በጣም የተቻኮለ ቃል ነው ይላል።

ይህን ያነበብኩ ሰሞን ነው ያፈርኩት። እዚህ ሰፈር ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። ለታክሲ ረዳት፣ ለዕቃ አድራሽ፣ መታወቂያ ላይ፣ በቀን ስንት ጊዜ «ቱሉ ዲምቱ» እላለሁ። ምን ማለት እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ስለ ሞተው ሲግልዋራ ሌሊት ሙሉ አነብባለሁ። ሕያው የሆነውን ቃል ግን እንደ አድራሻ ብቻ ነው የያዝኩት።

ጠዋት ጠዋት ወተት የሚያመጡልን እማማ አሉ። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ካለው መንደር ነው የሚመጡት። አፍ የፈቱት በኦሮምኛ ነው፣ አማርኛቸው ከእኔ ኦሮምኛ ሺህ እጅ ይሻላል። አንድ ቀን ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ሲያርፉ ጠየቅኋቸው።

«ቱሉ ኮረብታ ነው፣ ዲምቱ ቀይ» አሉኝ። «ዝናብ ሲመታው እዪው። አፈሩ ቀይ ነው።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ስንት ዓመትሽ ነው እዚህ፣ ልጄ?»

«ስድስት» አልኳቸው።

ምንም አላሉኝም። ወተቱን ለክተው ሰጡኝ።

በማግስቱ ግን ራሳቸው ጀመሩ። በረንዳው ላይ አቆሙኝና በጣታቸው እያሳዩኝ ይናገሩ ነበር። ያ ሕንፃ ያለበት ሽምብራ የሚዘራበት ማሳ ነበር። መኪና የሚቆምበት ጤፍ ነበር። ከብት የሚጠጣበት ቦታ ደግሞ ይኸውልሽ፣ ከልጆቹ መጫወቻ ጀርባ። እያንዳንዱ ቦታ ስም ነበረው። የእኛ ብሎክ የቆመበት መሬትም ስም አለው። አሉኝ። ሁለቴ አስደገምኳቸው፣ የሚጠብቀውን ፊደል ጆሮዬ ስላልያዘው።

በማስታወሻዬ ላይ በእርሳስ ጽፌዋለሁ፣ አሁን ከማይኩ አጠገብ ነው። ዛሬ አልነግራችሁም። ነገ ጠዋት ሲመጡ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። በትክክል ከያዝኩት፣ በሬዲዮም ሆነ በስልክ ሰው ቢሰማው ደስ የሚላቸው ከሆነ እጠይቃቸዋለሁ። እሺ ካሉኝ በሚቀጥለው ክፍል እነግራችኋለሁ።

ጅቡ ቀርቧል። ደህና እደሩ።