ኳሷ ቋሚ ስትመታ ማን ነው የሚሮጠው?

እንደምን ዋላችሁ ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ ወላጆች። የዛሬው ወሬዬ ስለ ተከላካዮች ነው። አጥቂ ሲያገባ «ጎበዝ!» እንላለን። ተከላካይ ከመስመር ላይ ሲያወጣ ግን «ዕድለኛ ነው» ብለን እናልፋለን። ይሄ ነገር ሁልጊዜ ይከነክነኛል።

በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 3 ቀን 2019 ማንችስተር ሲቲ ሊቨርፑልን በሜዳው ሲያስተናግድ ሊቨርፑል የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግን በ7 ነጥብ ይመራ ነበር። ገና 0 ለ 0 እያሉ የሊቨርፑሉ አጥቂ የሳዲዮ ማኔ ኳስ ቋሚውን መታች። የሲቲው ተከላካይ ጆን ስቶንስ አርቃታለሁ ብሎ ሲለጋት የገዛ በረኛውን ኤደርሰንን መትታ ወደ ጎል ተመለሰች። እዚህ ጋ ስንቱ ተከላካይ ራሱን ይዞ ይቆማል! ስቶንስ ግን ዞሮ ሮጠና አወጣት። መስመሩን ሙሉ በሙሉ ለማለፍ የቀራት 11.7 ሚሊ ሜትር ነበር። የትንሽ ጣት ጥፍር ስፋት ማለት ነው።

ሲቲ 2 ለ 1 አሸነፈ። ሊቨርፑል በዚያ ዓመት በሊጉ የተሸነፈው ያን አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። ዋንጫው በ98 ለ 97 ነጥብ ወደ ሲቲ ሄደ።

ኳሷ ኤደርሰንን መምታቷ ክፉ ዕድል ነው፣ ሚሊ ሜትሮቹ ደግሞ ጥሩ ዕድል፤ በመሀል ያለችው ሩጫ ግን የስቶንስ የራሱ ናት፣ ማንም አልሰጠውም።

ወላጆች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ባለፈው ዓመት አንድ የ13 ዓመት ተከላካያችን እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ማዕዘኑን ዘግቶ፣ ልክ እንዳስተማርነው ምቱ ፊት ቆመ። ኳሷ ጉልበቱን ጨርፋ የራሳችን መረብ ውስጥ ገባች። ከዳር ሆኖ የተጮኸበትን እዚህ አልደግመውም። ልጁ ሁለት ሳምንት ልምምድ ቀረ። እኔ ግን ያን ቀን ከሜዳው ሁሉ ትክክለኛውን ነገር የሠራው እሱ ነበር እላለሁ፣ አሁንም እላለሁ። በዚያው አቋቋም አስር ጊዜ ቢቆም አብዛኞቹን ያወጣቸዋል። ስለዚህ ስትጮሁ የት እንደቆመ አይታችሁ ጩኹ እንጂ ኳሷ የት እንደገባች ብቻ አትዩ።

እናንተ ተከላካዮች ደግሞ ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ሜዳ ላይ ጠብቁኝ። ሆን ብዬ ቋሚውን እመታለሁ። ማን ወደ መስመሩ እንደሚሮጥ፣ ማን ቆሞ እንደሚያይ እመዘግባለሁ።