ከመቁረጣችሁ በፊት እስከ መጨረሻው ጥራዝ አንብቡ

የተከበራችሁ የጅማ ጸሐፍት፣ የፊልም ባለሙያዎችና ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ብዙ ጥራዝ ያለውን ሳይንሳዊ ልብወለድ ወደ ተከታታይ ድራማ ለመቀየር ሲታሰብ ሁሉም የሚጨነቀው ስለ ጠፈር መንኮራኩሩ ነው። እኔ ይበልጥ የምፈራው ጊዜን ነው።

አንድ የስክሪፕት ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ የ50 ደቂቃ ክፍል 50 ገጽ ገደማ ነው፤ ያውም ከመጽሐፍ ገጽ በጣም ያነሰ ቃል የሚይዝ። መቁረጥ ግድ ነው። ግን በመጀመሪያው ጥራዝ ትርፍ የመሰለ ሰው በአራተኛው ታሪኩን ሊያዞር ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የት እንደሚገባ፣ ምን ምስጢር እንደሚያውቅ፣ ምስጢሩ መቼ እንደሚወጣ አስቀድማችሁ በሠንጠረዥ አስፍሩ።

ከባለ ብዙ ጥራዝ ልብወለድ ወደ ተከታታይ ድራማ የተቀየረውን «ዘ ኤክስፓንስ»ን ተመልከቱ። አቫሳራላ የተባለችው ፖለቲከኛ በመጽሐፉ የምትገባው በሁለተኛው ጥራዝ ነው፤ ድራማው ግን በመጀመሪያው ሲዝን አመጣት፤ ያለ እሷ የምድር መንግሥት ምን እንደሚያቅድ ተመልካቹ አያይም ነበር። ድራመር የተባለችው ገጸ ባሕርይ ደግሞ የበርካታ የመጽሐፉን ሰዎች ድርሻ ጠቅልላ ያዘች። ከዘጠኙ ጥራዞች ስድስቱ በ62 ክፍል ተሠሩ። ሰባተኛው 30 ዓመት ገደማ ይዘላል፤ ተዋናዮቹን ማስረጀት ወይም መቀየር ሊመጣ ነው። እዚያ ላይ መቆሙ ተገቢ ይመስለኛል።

«ፋውንዴሽን» የተባለው ተከታታይ ልብወለድ ከዚህም ይከብዳል፤ ታሪኩ ምዕተ ዓመታትን ስለሚሻገር ሰዎቹ ይሞታሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የተጀመረው ድራማ መፍትሔ አበጀ፦ አንድ ንጉሠ ነገሥት በራሱ የዘረመል ቅጂ እየተተካ ይነግሣል፤ ዘመኑ ሲያልፍም ተዋናዮቹ ይቀጥላሉ። መጽሐፉ ውስጥ የለም፤ እጅግ ብልህ ፈጠራ ግን ነው።

የውስጥ ሐሳብስ? እ.ኤ.አ. የ1984ቱ «ዱን» ፊልም አንድ ወፍራም መጽሐፍ በ137 ደቂቃ ጠቅጥቆ የሰዎቹን ሐሳብ በሹክሹክታ አሰማን፤ ታሪኩ ታፈነ። የ2021ና የ2024ቱ ፊልሞች ያንኑ መጽሐፍ ለሁለት ከፍለው 321 ደቂቃ ሰጡት፤ እናትና ልጅም በእጅ ምልክት ተግባቡ።

እዚህ ጅማ ለምትሞክሩ፦ ገጸ ባሕርያቱ ደጋግመው የሚመለሱበት ቦታ ያለው ታሪክ ምረጡ፤ አንዴ የተሠራ የመቅረጫ ቦታ ለብዙ ትዕይንት ሲውል ወጪው ይቀላል። ቀረጻው የታሪኩን ቅደም ተከተል ሳይጠብቅ በቦታ ተሰብስቦ ስለሚካሄድ የቅደም ተከተል ስህተት ይበዛል፤ የጠባሳውን፣ የፀጉሩንና የልብሱን ፎቶ በየትዕይንቱ አስቀምጡ። የውጭውንም ሆነ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚቀረጸውን ክረምቱ ሳይከብድ ጨርሱ፤ ዝናቡ ንግግሩን ይውጠዋል።

አመሰግናለሁ።