ፍቺ እና ይፍታሽ

[ምስል፦ ልደታ፣ ጠዋት። ከፍርድ ቤቱ ማዶ ያሉ የፎቶ ኮፒ ቤቶችና ማመልከቻ ጸሐፊዎች።]

ተራኪ፦
አንዲት የማውቃት ሴት ከልደታ ፍርድ ቤት ስትወጣ የያዘችው የፍቺ ውሳኔ ሦስት ገጽ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ክብ ማኅተም አርፎበታል። ከመንገዱ ማዶ ሁለት ኮፒ አስነሣች። ዋናውን ፕላስቲክ ውስጥ ከታ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከነጠላዋ ሥር ሸጎጠችው። ስሟን አልጠራም፤ በቪዲዮው የምታዩአትም እሷ አይደለችም።

በሕግ በኩል ነገሩ አለቀ። በሚቀጥለው እሑድ ግን ፒያሳ ጊዮርጊስ መጥታ፣ የቅጥሩን በር ተሳልማ፣ ሳትገባ ተመለሰች። እንዲህ ስትመላለስ ሁለት ዓመት ሞላት። ከልደታ ጊዮርጊስ በታክሲ እኮ ቅርብ ነው።

[በስክሪኑ ላይ አንድ ቃል ብቻ፦ ፈታ]

እስቲ ይህን ቃል እንየው። እስረኛ ይፈታል፣ ገመድ ይፈታል፣ ሕልም ይፈታል፣ ትዳርም ይፈታል። ካህኑም መስቀሉን ይዞ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ይላል። ሥሩ ግእዙ «ፈትሐ» ነው፦ መፍታት፣ መክፈት፣ መፍረድም ጭምር። ፍትሕ፣ ፍትሐት፣ ፍቺ፣ ሁሉም ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው። ያው ቃል ሰፈር ወርዶ «ፈት» ሲሆን ግን ስድብ ይሆናል፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ለሴቷ ብቻ።

ሕጉን ቶሎ ልለፈው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ጋብቻው በማዘጋጃ ቤትም ተፈጸመ፣ በሃይማኖት ወይም በባህል፣ ፍቺውን የሚያየው በአንድ ዓይን ነው። ባልና ሚስት ተስማምተው ቢመጡ እንኳ ዳኛው አነጋግሮ እስከ 3 ወር የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። ከዚያ ንብረት፣ ልጅ፣ ቀለብ። «አሁን እግዚአብሔር ምን ይለኛል?» የሚለው ጥያቄ ግን በየትኛውም መዝገብ አይከፈትም።

[ምስል፦ የተከፈተ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ትንቢተ ሚልክያስ።]

ይህን ጥያቄ ስታነሱ መጀመሪያ የሚወረወርባችሁ ሚልክያስ 2፥16 ነው፦ «መፋታትን እጠላለሁ»። ተጽፏል፤ ልናለዝበው አንችልም። ነገር ግን ሁለት ቁጥር ወደ ላይ ከፍ በሉ። ነቢዩ የሚገሥጸው የልጅነት ሚስቶቻቸውን የከዱ ወንዶችን ነው። ቃሉ ለተከዳችው ጥብቅና የቆመ ነበር፤ እኛ ሰፈር ሲደርስ እሷኑ መውገሪያ ሆነ። በኤርምያስ 3፥8 ላይማ እግዚአብሔር ራሱ ለከዳተኛዋ እስራኤል የፍቺ ደብዳቤ እንደሰጣት ይናገራል። አራት ቁጥር ዝቅ ስትሉ «ተመለሺ» እያላት ነው።

ጌታም ቢሆን ጉዳዩን አላቀለለውም። «እግዚአብሔር ያጣመረውን እንግዲህ ሰው አይለየው» የሚለው፣ በየሠርግ ጥሪው ላይ የምናትመው፣ የእርሱ ቃል ነው። ሙሴ ለምን ፈቀደ ሲሉት መልሱ «ስለ ልባችሁ ጥንካሬ» ነበር። ፍቺ ከልብ ጥንካሬ የመጣ ስብራት ነው። ለተሰበረ ሰው ደግሞ እንዴት እንደሚናገር ማየት የፈለገ ዮሐንስ 4ን ይክፈት።

ሳምራዊቷን ሴት ያገኛት በ6 ሰዓት ነው። እኛ ሰዓቱን መመንዘር አያስፈልገንም፤ ያው የእኛው 6 ሰዓት ነው፣ ፀሐይ አናት ላይ። አምስት ባሎች ነበሯት። ፈትተዋት ይሁን ሞተውባት መጽሐፉ አይናገርም፤ ሰባኪዎች ናቸው የሚጨምሩት። እርሱም አምስቱን አንድ በአንድ አላስቆጠራትም። እውነቱን ፊቷ ተናገረ፤ ከዚያ ስለ ውኃና ስለ ስግደት አወራት። እንስራዋን ትታ ወደ ከተማ የሮጠችው፣ ያደረገችውን ሁሉ ለነገራት ሰው ምስክር ልትሆን ነው። ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር እንስራው ላይ እቆማለሁ፦ ውኃ ልትቀዳ መጥታ መቅጃውን ረሳችው!

[ምስል፦ የእጅ ጽሑፍ ሒሳብ፣ «100 ዲናር»።]

አሁን ከባዱ፦ የቀድሞ ባልን ወይም የቀድሞ ሚስትን ይቅር ማለት። በማቴዎስ 18 ላይ የእልፍ መክሊት ዕዳ የተማረለት አገልጋይ፣ የመቶ ዲናር ዕዳ ያለበትን ባልንጀራውን አነቀ። ብዙ ጊዜ መቶው ዲናር «ኢምንት» ተብሎ ይሰበካል። እኔ አልስማማም። በማቴዎስ 20 አንድ ዲናር የወይን ቦታ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነው፤ ስለዚህ መቶ ዲናር የመቶ ቀን ላብ ነው። የበደሏችሁ በደል እውነተኛ ዕዳ ነው፣ ሰነድ አለው። ይቅርታ «ምንም አላደረግህም» ማለት ሳይሆን፣ ዕዳውን ቆጥሮ፣ ልክ መሆኑን አይቶ፣ አንገቱን መልቀቅ ነው።

አንገት መልቀቅ ደግሞ ቤት መመለስ አይደለም። ሽማግሌዎቻችን እዚህ ላይ ይቸኩላሉ። «ይቅር ለእግዚአብሔር በይው በቃ» ይሉና በማግሥቱ ሻንጣዋን አሸክመው ይመልሷታል፤ እጁን ያነሣባት ሰው ዘንድ ጭምር። ይቅርታ በአንድ ሰው ልብ ያልቃል፤ ዕርቅ ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ ንስሐም ይፈልጋል። ሮሜ 12፥18 «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል» የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም።

«ራሴን ይቅር ማለት አቃተኝ» የሚሉም አሉ። መጽሐፍ ቅዱስ ራስህን ይቅር በል ሲል አላገኘሁም። 1 ዮሐንስ 1፥9 የሚለው ብንናዘዝ እርሱ ይቅር ሊለን የታመነ መሆኑን ነው። ስለዚህ መናዘዝ ነው። የንስሐ አባት ያላችሁ ወደ ንስሐ አባታችሁ፣ ወንጌላውያን የሆናችሁ ወደ መጋቢያችሁ። ዳግም ጋብቻን በተመለከተ አብያተ ክርስቲያናቱ አንድ መልስ የላቸውም፤ በቁርባን የተጋባ ሰው ጉዳይም ከሌላው ይለያል። እሱን ከእኔ ቪዲዮ አትስሙ።

[ምስል፦ የጊዮርጊስ ቅጥር። ነጠላ የለበሱ ምእመናን።]

ሴትዮዋ የገባችው በፍልሰታ ሰሞን ነው። አንድ አረጋዊ ካህን አጠገብ ተቀመጠችና ሦስቱን ገጽ ልታሳያቸው አወጣች። በእጃቸው መለሱት።

«ይሄ የዳኛው ነው። አንቺ ያንቺን ንገሪኝ።»

የእሱን ጥፋት ስትዘረዝር ዝም ብለው ሰሙ። የራሷ ላይ ስትደርስ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተንተባተበች። ቀኖና ሰጧት፤ ስንት ስግደት እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ጨርሳ ስትመለስ መስቀሉን ግንባሯ ላይ አድርገው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሏት። ሳቋ አመለጣት።

«ምነው ልጄ?»

«አባ፣ ልደታም ፈቶኝ ነበር እኮ።»

«ልደታ የፈታሽ ከባልሽ ነው» አሏት፤ ቀጥሎ ለቆመው ሰው ቦታ እንድትለቅም በእጃቸው አመለከቷት።