ጸጉሩ ያልረገፈ ጎማ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ የምቀዳው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ነው፣ ድምፄ ካስተጋባ ይቅርታ። ፊት ለፊቴ የኤቲቪዬ፣ ማለትም የባለ አራት ጎማዋ ሞተሬ፣ የኋላ ጎማ ተጋድሟል። አሁን ነው የፈታሁት። እጄ ጠቁሯል፣ ማይኩንም ሳላጠቁረው አልቀረሁም።

እስቲ ጎማውን ልንገራችሁ። መሃል ላይ ያሉት ጥርሶች አልቀዋል። ጠርዛቸው ተሞልሙሎ ብዙ ያጠፋ ላጲስ መስለዋል። ዳርና ዳር ያሉት ግን አዲስ ናቸው። አዲስ ስላችሁ፣ ጎማ ከፋብሪካ ሲወጣ ላዩ ላይ ጸጉር የመሰለ ቀጭን ላስቲክ ይኖረው የለ? እሱ ራሱ አልረገፈም። በጣቴ ሳሻሸው ይወዛወዛል። ሁለት ዓመት የተነዳ ጎማ ነው እንግዲህ!

ይሄ ደግሞ የጭቃ ጎማ ነው። የዳሩ ጥርስ ሥራው ጎማው ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ ግራና ቀኙን እየቧጠጠ ማውጣት ነው። ጸጉሩ እንዳለ ካለ ጭቃ አላየም ማለት ይቻላል። ሁለት ዓመት ሙሉ የጭቃ ጎማ አስሬ በደረቅ መሬት ስሄድ ነበር። ይኸው ማስረጃው፣ ፊቴ ተጋድሟል።

እንዴት እንደገዛሁት ልንገራችሁ። አንድ ቀን ማጥ ውስጥ ገባሁ። ከፊት የሚሄዱት አልፈዋል፣ እኔ ጋዝ በሰጠሁ ቁጥር ወደ ታች ነው የምሄደው። በመጨረሻ በገመድ ተጎትቼ ወጣሁ። ያው ሼም አለ፣ ሳቅ አለ፣ ቪዲዮ የሚቀርጽም አለ። በሳምንቱ ሄጄ እዚያ ካሉት ጎማዎች ሁሉ ጥርሱ ትልቅ የሆነውን አምጡልኝ አልኩ። መጠኑንም ከ25 ኢንች ወደ 27 አሳደግኩት። ያስቆጣኝ አንድ ቀን ነበር፣ የገዛሁትም ለዚያች አንድ ቀን ነው።

የጭቃ ጎማ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። በቦታው ጀግና ነው። ጥርሱ ረጅም ነው፣ በጥርስና በጥርስ መካከል ሰፊ ክፍተት አለ፣ ጎማው ሲሽከረከር ጭቃው በዚያ ክፍተት ተወርውሮ ይወጣል። ጥርሱ የተቀራረበ ጎማ ከሆነ ጭቃው እዚያው ይሞላና ጎማው ድቡልቡል ሸክላ ሆኖ ይቀራል። ግን ያው ረጅምና ብቻውን የቆመ ጥርስ ደረቅ መሬት ላይ ሲያርፍ ይታጠፋል፣ ይለቃል፣ ቀጣዩም እንደዚያው። መሪው ይንቀጠቀጣል። አንድ ሰዓት ኮረኮንች ላይ ነድቼ ስወርድ መዳፌ ለብቻው የሚነዝር ነበር የሚመስለኝ። አሸዋ ላይ ደግሞ ጭራሽ! መንሳፈፍ ሲገባው እንደ አካፋ ይቆፍራል።

መጠኑስ? ይሄ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነው። ከ25 ወደ 27 ስትሄዱ ሞተሯ ሁለት ኢንች ከፍ የምትል ይመስላችኋል፣ ግን ከመሬት የምትነሳው በጭማሪው ግማሽ ነው፣ አንድ ኢንች፣ ማለትም ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል። ለዚያ የሚከፈለው ደግሞ ቀላል አይደለም። የጎማው ዙሪያ 8 በመቶ ጨመረ፣ ማርሹ የከበደ ያህል ነው። የፍጥነት መለኪያው ይዋሻል፣ 50 ሲላችሁ እናንተ 54 ላይ ናችሁ። ጎማው ራሱ ከባድ ስለሆነ ለመነሳትም ለመቆምም ያስቸግራል። በቺንጋ የምትሠራ ሞተር ከሆነች ደግሞ ሸክሙ ቺንጋው ላይ ነው። አንድ ዳገት ላይ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝና ጎማው መስሎኝ ወርጄ አሸተትኩት። በአፍንጫዬ! ቺንጋው ነበር። ከዚያ በኋላ ዳገት ሳይ ቀድሜ ወደ ዝቅተኛው ማርሽ፣ ሎው ወደሚሉት፣ ማውረድ ለመድኩ።

የመሃሉ ጥርስ ብቻውን ለምን አለቀ? ይሄኛው ከጎማው ምርጫ ጋር አይገናኝም፣ የኔው የነፋስ ጥፋት ነው። ነፋስ ሲበዛ ጎማው መሃሉ ይነፋና በመሃሉ ብቻ ይሄዳል። ሲያንስ ደግሞ በተቃራኒው ዳርና ዳሩ ይበላል። እኔ በመኪና ልማድ ጠንከር ይበል እያልኩ ነበር የምሞላው። የኤቲቪ ጎማ ግን ሌላ ዓለም ነው። ብዙዎቹ የሚሞሉት ከ4 እስከ 7 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ብቻ ነው፣ ትክክለኛው ሞተሯ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል። 5 ላይ የሚሠራ ጎማ 1 ሲቀንስ 20 በመቶውን አጣ ማለት ነው! የመኪና መለኪያ ደግሞ እዚህ ታች ያለውን ቁጥር በቅጡ አያነብም። እስከ 10 ወይም እስከ 15 ብቻ የሚቆጥር መለኪያ ያስፈልጋል። ቅዝቃዜም አለ። ሞቅ ባለ ቀን 5 ሞልታችሁ አየሩ 20 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ከ1 ፒኤስአይ በላይ ሊወርድ ይችላል፣ ጎማው ሳይበሳ። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ጎማው ቀዝቃዛ እያለ ለኩ።

ለምን እንዲህ ዝቅ ይላል ካላችሁ፣ ታሪኩ ደስ ይለኛል። ሆንዳ በ1970 ባለ ሦስት ጎማዋን ሞተር ሲያወጣ ሞላም አሞርዛተርም አልነበራትም። የነበራት ፊኛ የመሰሉ 22 ኢንች ለስላሳ ጎማዎች ናቸው፣ ድንጋዩንም ጉድጓዱንም የሚውጡት እነሱ ነበሩ። እና ነፋስ ከልክ በላይ ስንሞላ ያንን ለስላሳነት ነው የምንነጥቃት። እኔ ሁለት ዓመት ነጥቄያታለሁ።

እሺ፣ አዲሱን ስገዛ ምን አደረግኩ? መጀመሪያ ምንም አልገዛሁም። ለሁለት ወር ያህል ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ የሄድኩበትን መሬት ስልኬ ላይ ጻፍኩ። አሥር ጊዜ ወጣሁ። ሰባቱ ጠጠርና ደረቅ አፈር። ሁለቱ ጫካ ውስጥ፣ ድንጋይ፣ ሥር፣ ጉቶ። ጭቃ አንዴ፣ እሱም ልዞረው የምችለው ነበር፣ እልህ ነው ያስገባኝ። ከመጻፌ በፊት ብትጠይቁኝ ግማሽ በግማሽ ነው የምላችሁ። ሰው የሚያስታውሰው የተጎተተበትን ቀን ነዋ።

ሁሉን ነገር አሳምሮ የሚችል ጎማ የለም። «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» ይባል የለ፣ ጎማ ልትገዛ የወጣች ዕለት ነው የተባለው ይመስለኛል። እኔ ለሰባቱ ገዛሁ፣ ለሁለቱ ተጨነቅሁ፣ አንዱን ተውኩት።

ለሰባቱ ስል የመረጥኩት ኦል ቴሬን፣ ማለትም ለተለያየ መሬት የሚሆን፣ የሚሉትን ነው። የጥርሱ ቁመት አንድ ኢንች ቢሞላ ነው፣ መሃሉ ቀረብ ቀረብ ያለ፣ ዳሩ ላይ ግን ጥርሱ ወደ ጎን ጠምዘዝ ብሎ የሚወርድ። መጠኑን ወደ 25 መለስኩት። ጎኑ ላይ ከፊት 25×8-12፣ ከኋላ 25×10-12 ይላል፣ በኢንች ነው፣ ቁመት፣ ስፋት፣ ከዚያ የቸርኬው ዲያሜትር። የፊቱ ጠበብ የሚለው መሪው እንዲቀል ነው። እና አደራ፣ አራቱም ጎማ የሚጎትት ከሆነ ከፊት አንድ ቁመት ከኋላ ሌላ ቁመት በራሳችሁ ፈጠራ አትቀላቅሉ። ፋብሪካው ያስተካከለው ልክ አለ፣ እሱ ከተዛባ የፊቱና የኋላው ይጓተታሉ፣ የሚጎዳው ውስጡ ያለው ጥርሳ ጥርስ ነው።

ለሁለቱ፣ ለጫካው ማለቴ ነው፣ የጎማውን ጎን አሰብኩ። ጉቶ ጎማን የሚቀደው ከጎን ነው፣ የጎን ቅዳጅ ደግሞ በመድፈኛ አይያዝም። ባለ 6 ፕላይ ወሰድኩ። ቁጥሩ የጥንካሬ ደረጃ ነው፣ ዛሬ ውስጡ ስድስት ድርብ ጨርቅ አለ ማለት ላይሆን ይችላል። ባለ 8ም ነበር፣ ግን ክብደቱን አንስቼ አይቼ መለስኩት። በውስጥ አሠራራቸው ከሚለያዩት ከሁለቱ የጎማ ዓይነቶች፣ ከባያስና ከራዲያል፣ ራዲያሉን መረጥኩ። ባያስ ጎኑ ደንደን ያለ ነው፣ ዋጋውም ይቀላል። ራዲያል ለስለስ ብሎ መሬቱን ይዞ ይሄዳል፣ ሰባቱ ቀን የሚፈልገው እሱን ነው። ለእጄም አዘንኩ።

አሸዋ ካጋጠመኝ ትንሽ ነፋስ አወጣለሁ፣ ስመለስ በፖምፓ እሞላለሁ። ድንጋይ ላይ ግን ያንን አላደርግም፣ ጎማው በጣም ከላላ ድንጋዩ ቸርኬውን ያገኘዋል፣ ወይም ጎማው ከቸርኬው ይወልቃል። አስፋልቱን አልፈዋለሁ፣ የአምራቾቹ መመሪያ መጽሐፍ ራሱ ለዚያ አልተሠራም ነው የሚለው።

ለአንዷ የጭቃ ቀን ገመድ ይዣለሁ። ረጅም ገመድ። የሚስቅ ይሳቅ።

ትናንት ጎሚስታው የፊቶቹን ሲያስገባልኝ አንዱን ገልብጦት ነበር። ጎማው ጎን ላይ የሚሽከረከርበትን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት አለ፣ እሱን አይቼ ነው ያስቆምኩት። ቀስቷን ሳታዩ ከዚያ እንዳትወጡ።

ይሄን አሮጌውን፣ ረግረግ መሬት ላይ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ፣ እሱ እወስደዋለሁ ብሏል። ፎቶ ስልክለት «ጸጉሩን ራሱ አልነካኸውም እንዴ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

በሉ፣ የኋላውን ልሰር። ከዚያ ጥርሶቹን አግድም በጠመኔ አሰምርና ደረቅ መሬት ላይ ትንሽ ሄጄ አያለሁ፣ ጠመኔው መሃሉ ብቻ ከጠፋ ነፋሱ በዝቷል፣ ዳሩ ብቻ ከጠፋ አንሷል። ጠመኔውን ግን የት እንዳደረግኩት እንጃ። ቻው።