ውሃ ላምጣልህ አልኩት

እሺ... እየቀረጸ ነው መሰለኝ። አዎ፣ ቀይዋ በርታለች። ሰላም ናችሁ? ወንበሯን ሰማችኋት አይደል፣ እሷው ናት፣ አልቀየርኳትም፣ ድምጿን ካልሰማን ኤፒሶዱ አልተጀመረም የምትሉ አላችሁና ይኸው።

ዛሬ የተራራውን መደርደሪያ፣ ስለ ተራራ የሚያወሩ መጽሐፎቼን ማለቴ ነው፣ ላስጎበኛችሁ ነበር፣ ባለፈው ቃል የገባሁላችሁን። ወረቀት ላይ ሁሉ ጽፌዋለሁ፣ መጀመሪያ ታሪክ፣ ቀጥሎ የሰው ትግል፣ መጨረሻ ላይ እምነት ብዬ። ወረቀቱ እዚህ ፊቴ አለ። ግን ማክሰኞ የሆነ ነገር አለ፣ ከማክሰኞ ጀምሮ ሌሊት ሌሊት እየመጣ ይቀሰቅሰኛል፣ እሱን ሳላወራ ስለ ሌላ ነገር ባወራ የምዋሻችሁ ነው የሚመስለኝ።

ትንሹ ወንድሜ መጽሐፍ መለሰልኝ።

ትንሹን ታውቁታላችሁ፣ የስልኩን ሌሊት፣ ደውሎ ደውሎ ያላነሳሁለትን ሌሊት፣ የነገርኳችሁ ጊዜ ስንቶቻችሁ እንደጻፋችሁልኝ አልረሳም። አሁን ደህና ነው። ሱሱን ከተወው ዓመት ከአራት ወሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይሄን ስናገር አሁንም ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፣ ጮክ ብዬ ካልኩት የሚሸሽ ይመስል። እና ባለፈው ሲመጣ መደርደሪያው ጋ ቆሞ ቆሞ አንድ መጽሐፍ መዞ ወሰደ። እኔ አልመረጥኩለትም። ከዛ ሁሉ መጽሐፍ የጆ ሲምፕሰንን ነው ያወጣው።

ላላነበባችሁት ቶሎ ልበለው። ዓመተ ምህረቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምናገረው። 1985፣ ፔሩ፣ ሲዩላ ግራንዴ የሚባል ከ6,300 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ። ሲምፕሰንና ሳይመን ዬትስ የሚባል ጓደኛው ሁለት ሆነው ጫፉ ላይ ወጡ። ሲወርዱ ሲምፕሰን ወደቀና እግሩ ተሰበረ። እዛ ከፍታ ላይ እግር ተሰበረ ማለት ሞተ ማለት ነው፣ ሁለቱም ያውቁታል። ዬትስ ግን አልተወውም፣ ሁለት ገመድ ቋጥሮ በረዶው ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ይቀመጥና ጓደኛውን ቁልቁል ይለቀዋል፣ ከዛ ራሱ ይወርዳል፣ እንደገና ይቆፍራል፣ እንደገና ይለቀዋል፣ እንዲህ እያለ ብዙ አወረደው። ከዛ መሸ፣ ማዕበል መጣ፣ ሳያየው ገደል ጠርዝ አሳልፎ ለቀቀው። ሲምፕሰን አየር ላይ ተንጠለጠለ። ቢጮኽ አይሰማም። ላይ ያለው ደግሞ የተቀመጠባት በረዶ ከስሩ እየፈረሰች ነው፣ ክብደቱ እየጎተተው ነው፣ ከአንድ ሰዓት በላይ እንደዛ ያዘው፣ ከዛ ቢላ አውጥቶ ገመዱን ቆረጠው።

ሲምፕሰን አልሞተም። የበረዶ ስንጥቅ ውስጥ ገባ፣ እንደምንም ወጣ፣ እየተሳበ ሦስት ቀን ምናምን ፈጅቶ ካምፑ ደረሰ፣ ጥለውት ሊሄዱ ጥቂት ሰዓት ሲቀራቸው። ዬትስ ሞቷል ብሎ ልብሱን ሁሉ አቃጥሎለት ነበር።

በቃ፣ ይሄን ነው ይዞ የሄደው።

ማክሰኞ መጣ። ሶፋው ላይ አልተቀመጠም፣ ጫፉ ላይ እንደ እንግዳ ብቻ። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ በደረቱ ደፋው። ጣቱ ጀርባው ላይ ነበረች፣ የመጽሐፉ ጀርባ ላይ ማለቴ ነው፣ እያሻሸ፣ እያሻሸ። ከዛ ቀና ሳይል፣ "እትዬ፣ ስንጥቁ ውስጥ ሆኖ ገመዱን ሲስበው አስታወስሽ?" አለኝ። አዎ አልኩት። "የገመዱን ጫፍ አይቶ እንደተቆረጠ ሲያውቅ... አልተቆጣም እኮ።"

እኔ ምን አልኩት? "ውሃ ላምጣልህ?"

ውሃ ላምጣልህ አልኩት። እና ተነስቼ ሄድኩ።

ቧንቧውን ከፍቼ ቆምኩ። ብርጭቆው ሞልቶ እጄ ላይ እየፈሰሰ ነው፣ አልዘጋሁትም፣ ድምፁን ፈልጌው ነው መሰለኝ። ስመለስ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር እያሰረ ነበር። ውሃውን ተቀበለኝ፣ ቆሞ ጠጣው፣ እስከ መጨረሻው ጠጣው፣ አመሰግናለሁ እትዬ ብሎ ሄደ።

እ... አንድ ሰከንድ።

እና ይሄውላችሁ፣ መደርደሪያው ድሮ የማውቀው መደርደሪያ አልሆነልኝም። ለምሳሌ ፔትራርካን። ኤፕሪል 26፣ 1336፣ ደቡብ ፈረንሳይ ሞን ቫንቱ ላይ የወጣውን ባለቅኔ። ሰው ሁሉ የሚያወራው አየሁት ስላለው ነገር ነው፣ እኔም ከሃያ ጊዜ በላይ አውርቼላችኋለሁ መሰለኝ። ስለ መውጣቱ በጻፈው ደብዳቤ ላይ አብሮት የሄደው ማን ነው? ታናሽ ወንድሙ። ጌራርዶ። ማክሰኞ ማታ እንደገና ሳነበው ነው ልብ ያልኩት፣ ድሮ እንደ ዕቃ ተሸካሚ ነበር የማልፈው። ታናሹ ቀጥ ያለውን ዳገት ይዞ ይወጣል፣ ታላቁ ቀላል መንገድ እፈልጋለሁ ብሎ በሸለቆ በሸለቆ ሲዞር ይውላል፣ በየጊዜው ታናሹ ላይ ቆሞ አርፎ ይጠብቀዋል። ታላቅ ሁሌ ቀድሞ የሚሄድ የሚመስላችሁ ካላችሁ ይሄን አንብቡ። እኔ ነኝ ትንሹን ወደ ላይ የምጎትተው ስል ነው የኖርኩት፣ አሁን ሳስበው ያ ልጅ በዚህ ዓመት ከአራት ወር የወጣውን ዳገት እኔ በሕይወቴ አልወጣሁትም።

ደግሞ ጫፉ ላይ የሆነው። ፔትራርካ የቅዱስ አውግስጢኖስን ኑዛዜ የሚባለውን መጽሐፍ ከኪሱ አውጥቶ እንደመጣለት ይገልጠዋል፣ የወጣለት ቦታ ሰዎች የተራራውን ከፍታ ሊያደንቁ ይሄዳሉ ራሳቸውን ግን ይተዋሉ የሚል ነው። ወንድሙ አጠገቡ ቆሞ ሊሰማ ጓጉቷል። ጓጉቷል! እሱ ግን አታስቸግረኝ ብሎ መጽሐፉን ዘጋው። ከዛ እስከ ታች ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ይሄ የታወቀው ትልቁ የመመሰጥ ጊዜ ነው እንግዲህ፣ ስንት ሰው ስንት ነገር የጻፈበት። እኔ አሁን የሚታየኝ ጌራርዶ ብቻ ነው። አጠገቡ የቆመው። ያ ሁሉ ቁልቁለት ዝም ሲሉ ምን አሰበ? በኋላ መነኮሰ፣ ካርቱዚያን የሚባሉት ዝምታ የሚያጠብቁት መነኮሳት ጋ ገባ። ከዛ ቀን ጋር ይያያዛል እያልኩ አይደለም። ብቻ አሰብኩት።

ዝምታ ካልኩ ሞሪያን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። አብርሃምና ይስሐቅ። ኪርከጋርድ የሚባለው የዴንማርክ ፈላስፋ በ1843 ባወጣው ፍርሃትና መንቀጥቀጥ በሚለው መጽሐፉ መንገዱ ላይ ነው የሚጨነቀው፣ ሦስት ቀን ሙሉ መሄዱ ላይ፣ እኛ ቶሎ በጉ ጋ መድረስ ነው የምንፈልገው፣ ሰውዬው ግን መንገድ ላይ ነበር። እኔን ደግሞ የያዘኝ መመለሻው ነው። ዘፍጥረት 22ን አውጥታችሁ እዩት። ሲወጡ ልጁ ይጠይቃል፣ እሳቱና እንጨቱ ይኸው፣ በጉስ? ይላል፣ አባትየው ይመልሳል። ሁለቱም አብረው ሄዱ ይላል፣ ሁለት ጊዜ ይለዋል። መጨረሻ ላይ ግን አብርሃም ወደ ብላቴኖቹ ተመለሰ ነው የሚለው። አብርሃም። ስለ ይስሐቅ የሚል ነገር የለም እዛ ጋ። ወርዶ ይሆናል፣ በእርግጥ ወርዷል፣ ግን ምን እያወሩ? ልጅ ቢላውን አይቷል እኮ። እግዚአብሔር አዳነው፣ በጉ ተገኘ፣ ሁሉም በሰላም አለቀ፣ ግን ልጁ ቢላውን አይቷል።

እና ቢላ... እሺ፣ እንግዲህ ልበለው። የስልኩን ሌሊት ስነግራችሁ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ስድስት ጊዜ ደወለ ብያችኋለሁ፣ ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት ብያችኋለሁ። ስልኩ ሲነዝር ምን እያደረግኩ እንደነበር አልነገርኳችሁም። እየጸለይኩ ነበር። ተንበርክኬ፣ ለእሱ። የሰናፍጭ ቅንጣት የሚያህል እምነት ካላችሁ ተራራውን እለፍ ብትሉት ያልፋል የሚለውን እያልኩ፣ ተራራው እሱ ነበር ለእኔ፣ ተራራው ይነሳልኝ እያልኩ፣ ተራራው ደግሞ እየደወለ ነው። በአጠገቤ ጠረጴዛው ላይ እየነዘረ። አልሰማህም ለማለት ነበር የምጸልየው? አላውቅም። እውነት ነበር ጸሎቱ፣ ማልቀሴም እውነት ነበር። ግን ቢላዬ ጸሎቱ ቢሆንስ?

ሲምፕሰን በተሰራው ዶክመንተሪ ላይ የሚለው ነገር አለ፣ አጥባቂ ካቶሊክ ሆኖ ነው ያደገው፣ ከዛ ትቶታል፣ ሞት አፋፍ ብደርስ ተመልሼ እጸልይ ይሆን እያለ ያስብ ነበር፣ እዛ ስንጥቅ ውስጥ ሆኖ ግን አልጸለየም። ለዓመታት ይሄ ያሳዝነኝ ነበር፣ ምስኪን እል ነበር። እሱ ሳይጸልይ ተሳበ፣ እኔ እየጸለይኩ ስልክ አላነሳሁም። ከዚህ ምን እንደማወጣ አላውቅም፣ ጸሎት ትቻለሁ ማለቴ አይደለም፣ እንዳትደነግጡብኝ፣ ዛሬ ጠዋትም ጸልያለሁ።

ብዙ ሰው ዬትስን ወቅሶት ነበር። ሲምፕሰን 1988 ላይ መጽሐፉን ያወጣው አንዱ ምክንያት ያንን ወቀሳ ሊመልስለት ነው፣ እኔም ብሆን እቆርጠው ነበር ነው የሚለው፣ መታሰቢያነቱንም ለእሱ ነው የሰጠው። ይሄ ለሁሉም አይደርስም። ማተርሆርን የሚባለው የአልፕስ ተራራ ላይ በ1865 ኤድዋርድ ዊምፐር ከሚባል እንግሊዛዊ ጋር ሰባት ሆነው ለመጀመሪያ ጊዜ ጫፉን ረገጡ፣ ሲወርዱ ገመዱ ተበጠሰ፣ አራቱ ሞቱ። ከተረፉት አንዱ ታውግቫልደር የሚባል መንገድ መሪ ነው። እሱ ቆርጦት ነው ተባለ። ተመረመረ፣ ጥፋተኛ አልተባለም፣ ሐሜቱ ግን አልለቀቀውም። የተበጠሰው ገመድ አሁን ድረስ ተራራው ስር ባለችው በዜርማት ከተማ ሙዚየም ውስጥ አለ፣ ቀጭን ነው፣ ከያዟቸው ገመዶች ሁሉ ደካማው እሱ ነበር። ለዚያ መንገድ መሪ ከታች ሆኖ አልተቆጣሁም የሚለው ሰው አልተረፈለትም። ለእኔ ተርፎልኛል። ሶፋዬ ላይ መጥቶ አልተቆጣም እኮ አለኝ። እኔ ውሃ።

ምን ማለት ነበረብኝ? ይቅርታ ልበለው? ብቆርጠው ነው የዳንከው ልበለው? አንዳንዶቻችሁ እንደዛ ጽፋችሁልኛል፣ ስታቆሚ ነው የነቃው ብላችሁ። ሊሆን ይችላል። አሰቃቂ ነገር ነው ግን፣ ሊሆን ይችላል ብሎ መኖር።

ኤልያስ ኮሬብ ላይ ሲደርስ እግዚአብሔር በዚህ ምን ታደርጋለህ ብሎ ይጠይቀዋል። ይመልሳል። ነፋሱ ይመጣል፣ መናወጡ፣ እሳቱ፣ ከዛ ያቺ ትንሽ የዝምታ ድምፅ። ከዛ በኋላ ያው ጥያቄ ይደገማል፣ ቃል በቃል። ኤልያስም ያንኑ መልስ ይደግማል፣ ምንም አልተማረም ትላላችሁ። ሁለተኛ ተጠየቀ ግን። እኔ ይሄን ነው አሁን የምመኘው፣ ቅዳሜ ሲመጣ ያንኑ ጥያቄ እንደገና ቢጠይቀኝ። እኔ ራሴ ማንሳት እችላለሁ እኮ። አውቃለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። መጽሐፉን ሳነሳው አንድ ገጽ ጥጉ ታጥፏል። የመቁረጡ ገጽ መስሎኝ ነበር፣ አይደለም፣ ዬትስ ልብሱን የሚያቃጥልበት ነው። በሩ ጀርባ የነበረችውን ጃኬቱን በዛ ሳምንት ለሰው እንደሰጠኋት ትንሹ ያውቃል ወይ? አልነገርኩትም። አንድም ቀን የት ናት ብሎ አልጠየቀኝም። እሱ አጥፎት ከሆነ ነግሮኛል ማለት ነው። ግን ደግሞ ያን መጽሐፍ ያነበብኩት ድሮ ነው፣ ገጽ የማጥፍበት ጊዜ ነበረኝ ያኔ፣ እጥፋቱም... እንጃ፣ ያረጀ ይመስላል። በብርሃን አየሁት፣ በጣቴ ተጫንኩት። አንዳንዴ አዲስ ይመስለኛል።

መደርደሪያው ላይ አልመለስኩትም፣ ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ነው። ቅዳሜ ሲመጣ እዛው ቢያየው... ወይም ላንሳው ይሆን፣ እንዳይመስለው ደግሞ...

እንጃ። ቆይ ልዝጋው።